ጮኸን ያለቀስንበት የእንጨት ባቡር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እሑድ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ ሜሪላንድ የሚገኘው የመዝናኛ ፓርክ፣ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በሩን ዘጋ። ዜናውን እናንተም አውጥታችሁታል። ስለ 500 ኤከሩ መሬት ጻፋችሁ። ለሌላ ልማት ሊሸጥ መታሰቡንም ጻፋችሁ። ጥሩ ነው። ግን እዚያ ውስጥ ስለነበረው ስለ ዋይልድ ዋን አንዲት ቃል አላገኘሁም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለ እሱ ነው።

ዋይልድ ዋን የእንጨት ሮለር ኮስተር ነው፤ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ የመጫወቻ ባቡር። ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያደገ የሀበሻ ልጅ ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። ወላጆች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት የፓርኩን በር ብቻ ነው። ልጆቻቸውን ያደርሳሉ፣ ወደ ሥራ ይሮጣሉ፣ ማታ መጥተው ይወስዳሉ። እኛ አራት ጓደኛሞች የገባንበት ግን ልጅም ወላጅም ሳንሆን ነው። ከመጣን ገና ሁለት ሦስት ዓመታችን ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ የ2011 ሰመር ነው።

እኔና የመርካቶው ልጅ ዲሲ መሃል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ እንሠራ ነበር። የደሴዋ እህታችን አረጋውያን ትንከባከባለች። የናዝሬቱ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳል። የአራታችንም ኦፍ የሚገጥመው በወር አንዴ ቢሆን ነው። ያቺን ቀን ተኝተን እናሳልፋት ነበር። አንድ ቀን የናዝሬቱ ልጅ "ሲዝን ፓስ፣ ወቅቱን ሙሉ የሚያስገባውን ትኬት፣ እንግዛና ከዚህ ቤት እንውጣ" አለ። ወጣን።

የመርካቶው ልጅ ዋይልድ ዋንን ከመኪና ማቆሚያው ሆኖ ሲያየው ቀጥ ብሎ ቆመ። "ይሄ እኮ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው!" አለ። እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግንባታ ላይ ያለ ፎቅ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ተረብርቦበት አይታችኋል አይደል? ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው፣ ነጭ ቀለም ተቀብቶ። ይሄ ልጅ ደግሞ አገር ቤት የቀን ሥራ ሠርቷል። መወጣጫው ላይ ሲሚንቶ ተሸክሞ ሲወጣ ሲወርድ ኖሯል። ከታች ሆኖ ግንዶቹን አንድ በአንድ እያየ "በደንብ ታስሯል" ብሎ ፈረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊተኛው ወንበር ካልደረሰው ሰልፉን ለቆ እንደገና ከኋላ ይሰለፋል።

ላልወጣበት ሰው ላስረዳ። ትቀመጣለህ። ማገጃው ብረት ጭንህ ላይ ይወርዳል። ባቡሩ ቀስ ብሎ ይነሣና ሰንሰለቱ ከሥር ይይዘዋል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከፍታው 98 ጫማ ነው፣ 30 ሜትር ገደማ። ባቡሩ ሞተር የለውም። ሰንሰለቱ አናቱ ላይ ያደርሰዋል፣ የቀረውን ቁልቁለቱና የራሱ ክብደት ነው የሚሠራው። አናቱ ላይ የሰንሰለቱ ድምፅ ቀጥ ይላል። ለአንድ አፍታ የሚታየው የዛፍ ጫፍና ሰማይ ብቻ ነው። ከዚያ 88 ጫማ ቁልቁል። ሆድህ እላይ ይቀራል። ሐዲዱ 4,000 ጫማ ይረዝማል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 53 ማይል ይደርሳል። መጨረሻ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ ዙር አለ። እዚያ ጋ ጎንህ ያለው ሰው በሙሉ ክብደቱ ትከሻህ ላይ ይወድቃል። እንጨቱ ሲወዛወዝ በዓይን ይታያል። እንዲወዛወዝ ተደርጎ ነው የተሠራው። የብረቶቹ ኮስተሮች እንደ ሊፍት ለስላሳ ናቸው። ይሄኛው ግን ያንገጫግጫል፣ ከአዋሽ ማዶ ያለ ኮረኮንች መንገድ ላይ የምትሄድ ይመስልሃል። እኛ የወደድነው ለዚያ ነው።

አሁን የደሴዋን ነገር ልንገራችሁ። አስፈቅጃት ነው የምጽፈው።

በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ እናቷ አረፉ። መርዶው የተነገራት ማታ፣ አፓርትመንቷ ውስጥ ነው። ሰው ተሰብስቧል። ልትጮህ ብድግ ስትል አንድ ትልቅ ሴት እጇን ይዘው "ቀስ በይ ልጄ፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል" አሏት። ክፋት አልነበረባቸውም። እውነትም ይጠራል። እሷም ዋጠችው። ሦስት ቀን አብረናት ተቀመጥን፣ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። ከዚያ ወዲያ ስታለቅስ ያያት የለም። ስልክ ታነሣለች፣ "ደህና ነኝ" ትላለች፣ ትዘጋለች።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ ኦክቶበር ላይ፣ "ፓርኩ ሊዘጋ ነው፣ ክረምት ሳይገባ አንዴ እንሂድ" አልናት። እምቢ ትላለች ብለን ነበር። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች መጣች። እኔ ጎን ተቀመጠች። ሰንሰለቱ ሲይዘን ዝም አለች። አናቱ ላይ ስንደርስ ቀስ ብላ "እማዬ" አለች። ቁልቁል ሲለቀን ጮኸች። "እማዬ! እማዬ! እማዬ!" እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ሌላ ቃል አልወጣትም። ከፊታችን ያሉት ይጮኻሉ፣ ከኋላችን ያሉትም ይጮኻሉ። ማንም ዞሮ አላያትም። ባቡሩ ሲቆም ፊቷ በእንባ ታጥቧል። ማገጃውን በሁለት እጇ እንደጨበጠች "ገና ዛሬ ወጣልኝ" አለችኝ።

መልሰን ተሰለፍን። ያን ቀን ስድስት ጊዜ ወጣን። ማታ መኪና ማቆሚያው ውስጥ የመኪናውን የኋላ በር ከፍተን ያመጣነውን ቋንታ ፍርፍር በላን። ከመርዶው ወዲህ ጠግባ ስትበላ ያየኋት ያኔ ነው። ከቴርሞሱ ቡና እየቀዳች ስለ እናቷ ታጫውተን ጀመር፤ ገበያ ሲሄዱ እንዴት እንደሚከራከሩ፣ እሷን እንዴት እንደሚጠሯት። የጥበቃ ሠራተኛው መጥቶ ፓርኩ ተዘግቷል እስኪለን ድረስ እዚያው ነበርን።

ስለዚህ "አሮጌ ጨዋታ ነው፣ ቢፈርስስ?" የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ ይከፋኛል።

አሮጌነቱስ ቢሆን ተራ አሮጌነት ነው እንዴ? ዋይልድ ዋን የተተከለው በፈረንጆቹ 1917 ነው። በእኛ ታሪክ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበት፣ የጅቡቲው ባቡርም አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። ንድፉ የጆን ሚለር ነው። ባቡሩ ከሐዲዱ እንዳይነሣ ከሥር የሚይዙትን ጎማዎች የፈለሰፈው እሱ ነው። ዛሬም ሮለር ኮስተሮች የሚሄዱት በዚያ ዘዴ ነው። ደግሞ ዋይልድ ዋን የሜሪላንድ ተወላጅ አይደለም። የተተከለው ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሀል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ፓራጎን ፓርክ ነበር። ስሙም ያኔ ጃያንት ኮስተር ነው። ፓራጎን ፓርክ ከ1984 ወዲያ አልተከፈተም። መሬቱ ለመኖሪያ ቤት ተፈለገ፣ ንብረቱ በጨረታ ተሸጠ። ኮስተሩን በ28,000 ዶላር የገዛው የሜሪላንዱ ፓርክ ነው። ያኔ ፓርኩ ዋይልድ ወርልድ ይባል ነበር። ፈትተው አምጥተው እንደገና ተከሉት፣ በ1986 ሰው ማሳፈር ጀመረ።

እንግዲህ እሱም እንደኛ ስደተኛ ነው። አገሩን ለቆ፣ ስሙን ቀይሮ፣ እዚህ ተተክሎ ነው ወደ 40 ዓመት ያገለገለው።

የሀል ሰዎች ኮስተሩ ቢሄድባቸውም ፈረሶች የሚዞሩበትን የ1928 ካሩሰል ግን አላስወሰዱም። ገንዘብ አዋጥተው አስቀሩት። እስከ ዛሬም እዚያው ከተማ ውስጥ ልጆች ይሳፈሩበታል። ይህን ሳነብ በጣም ነው የቀናሁት። ዕድርና ዕቁብ የምናውቅ ሰዎች ነን። መዋጮ አዲስ ነገር አይደለም ለእኛ። አንድ ሮለር ኮስተር በዕቁብ ይገዛል እያልኩ አይደለም። ግን ፓርኩ ባለበት በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ብዙዎቻችን እንኖራለን፣ ግብር እንከፍላለን፣ እንመርጣለን። ካውንቲው ስለ ቦታው ሕዝብ ሲያማክር ከእኛ መሃል አንድ ሁለት ሰው ተነሥቶ "ይሄ እንጨት አንዴ ተፈትቶ ተተክሏል፣ ሁለተኛም ይቻላል" ቢል ደስ ይለኛል። እኔ እሄዳለሁ። ቀኑን ስታውቁ እባካችሁ አውጡልን።

ለመጨረሻ ጊዜ የወጣነው ዘንድሮ ጁላይ ላይ ነው። የናዝሬቱ ልጅ ላስ ቬጋስ ገብቷል፣ ሰልፍ ላይ ሆነን በቪዲዮ ደወልንለት። የመርካቶው ልጅ ትልቋን ልጁን ይዞ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቁመት መለኪያው ጋ ቆማ እያለቀሰች ስትመለስ ነበር፣ ዘንድሮ አለፈች። የፊተኛው ወንበር ላይ ከአባቷ ጋር ተቀመጠች። ስትወርድ እጆቿ እየተንቀጠቀጡ "አባዬ፣ እንደገና!" አለች። እንደገና ወጡ። የደሴዋ እህታችን ከእኔ ጋር፣ የድሮው ቦታችን ላይ፣ ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበረች። ቁልቁል ሲለቀን ምን ብላ እንደጮኸች መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የ2011ዱን ፎቶ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ከግራ ሁለተኛዋ፣ ጥቁር የለበሰችው እሷ ናት። ከኋላችን የሚታየው ነጭ እንጨት ዋይልድ ዋን ነው። እንድታወጡት አራታችንም ተስማምተናል።

አክባሪያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ