የበኩር ልጅ በእናት ቤት ሲወለድ ካርዱም አብሮ ይሂድ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በብዙው የወሎ ገጠር የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ሆዷ ሲገፋ ባሏ ወይም ወንድሟ ይሸኛታል፤ እናቷ የገንፎውን ዱቄት፣ ቅቤውንና አብሹን አሰናድታ ትጠብቃለች፤ ልጅቷም በወጉ ታርሳ ትመለሳለች። ይህን ልማድ አንነቅፍም። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች ሴት እናቷ አጠገብ ስትሆን እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ትበላለች፣ የጨነቃትንም ሳታፍር ትጠይቃለች። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ከሽኝቱ ላይ አንድ ነገር እየቀረ ስለሆነ ነው፤ የክትትል ካርዷ።

ነፍሰ ጡሯ ክትትል የጀመረችው በባሏ ቀበሌ ነው። የደም ዓይነቷ፣ የደም ግፊቷ፣ የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራዋ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷ ሁሉ የተመዘገበው እዚያ ነው። በሌላ ወረዳ ምጥ ሲይዛት አዋላጇ ስለ እርሷ ምንም በእጇ የለም። ከወለደች በኋላ ደግሞ ይብሳል። የባሏ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በመዝገቧ ይዛ ስትፈልጋት አታገኛትም፤ የእናቷ ቀበሌ ባለሙያ መምጣቷን አልሰማችም። በሁለቱ መካከል አራሷም ሕፃኑም ማንም ሳያያቸው ይቀራሉ።

ስለዚህ ጉዞው ከመውለጃው ቢያንስ አንድ ወር ይቅደም። ከመነሳቷ በፊት ጤና ጣቢያው ውጤቶቿን ጽፎ እንዲሰጣት ትጠይቅ፤ በደረሰች በሳምንቱ ውስጥ እናቷ ጤና ኬላ ብቅ ብላ ታስመዝግባት። በደላንታ ወይም በመቅደላ ገደል ማዶ ያለች፣ ወይም ክረምት ላይ ወንዝ የሚያግዳት፣ ጤና ጣቢያው አጠገብ ያለው የእናቶች ማቆያ ገብታ ብትጠብቅ ይሻላል። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም ደም ከታየ፣ ምጡ ባይጀምርም ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ ነው።

ከወለደች በኋላ 24 ሰዓት በጤና ተቋሙ ትቆይ። ከዚያ በ3ኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜና በ6ኛው ሳምንት እናትም ልጅም መታየት አለባቸው። ከተወለዱ በአንድ ወር ውስጥ ከሚሞቱ ጨቅላዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጉት የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ አራስ ቤቱ በእንግዳ በሚሞላበት፣ ሁሉም በደስታ ላይ ባለበት ሳምንት።

በዚያ ሳምንት አብዝቶ የሚያሳስበን የሁለተኛው ቀን ሌሊት ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ጡቷ ገና ለስላሳ ነው፣ አያት “ወተቷ አልወረደም፣ ልጁ ራበው” ትላለች። ከዚያ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ፣ የላም ወተት፣ የአብሽ ውሃ ወይም በጣት የሚዋጥ ቅቤ ይመጣል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ልጅ ወተቱ ሞልቶ የሚወርደው በ3ኛው፣ አንዳንዴም በ4ኛው ቀን ነው። እስከዚያ ያለው እንገር ነው፤ ወፈር ያለ፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ፣ ጥቂት። ጥቂት መሆኑ ልክ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚበቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነውና። ወተት የሚመረተው በተጠባው መጠን ነው። ሆዱ በስኳር ውሃ የሞላ ልጅ አይጠባም፣ ያልተጠባ ጡት ወተት አያበዛም፤ በ5ኛው ቀን የአያት ጥርጣሬ እውነት ሆኖ ይገኛል። ቅቤው ደግሞ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል።

ያን ሌሊት አያት ከጓዳ ከምትፈልግ አጠባቡን ብታይላት ይሻላል። ልጅቷ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ ትቀመጥ። ጡቷን ወደ ልጁ አትግፋ፣ ልጁን ወደ ጡቷ ታምጣው። ሆዱ ከሆዷ ይግጠም፤ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው ሳይጣመሙ በአንድ መስመር ይሁኑ። በጡቷ ጫፍ ከንፈሩን እየነካካች አፉን በሰፊው እስኪከፍት ትታገስ፤ ሲከፍት አገጩ ቀድሞ ጡቱን እንዲነካ አድርጋ ቶሎ ታስጠጋው። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ክብ፣ በተለይ በታች በኩል ያለውን፣ አብዛኛውን መጉረስ አለበት። ጉንጩ ከሰረጎደ ወይም ሲጠባ አፉ የሚንጫጫ ከሆነ የያዘው ጫፉን ነው። ትንሿን ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ታላቅቀውና እንደገና ትሞክር። ጡት ጫፉ ላይ የሚሰነጠቀው ልጁ ብዙ ስለጠባ አይደለም፤ አያያዙ ስላልተስተካከለ ነው። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ጥጋቡን የተጠራጠረ ጨርቁን ይቁጠር፤ ከ5ኛው ቀን ወዲህ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ሰገራውም ከጥቁር ወደ ቢጫ ከዞረ፣ ልጁ እየጠገበ ነው።

ብርዱም አለ። በመቄት፣ በዋድላ፣ በኩታበር ደጋ ሌሊቱ ለአዋቂም ይከብዳል። ሕፃኑ 24 ሰዓት ሳይሞላው አይታጠብ፤ ገላው ላይ ያለው ነጭ ቅባት ቆሻሻ አይደለም፣ ቆዳውን የሚጠብቅለት ነው። መብረዱን ለማወቅ እግሩንና ሆዱን በእጅ መዳሰስ ይበቃል። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ብርዱ ጀምሮታል፤ ሁለቱም ከቀዘቀዙ አደጋ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማሞቂያ የእናት ገላ ነው። ልብሱን አውልቆ፣ ቆብና የሽንት ጨርቅ ብቻ አስቀርቶ፣ በሁለት ጡቶቿ መካከል በደረቱ ማስተኛትና ሁለቱንም በጋቢ መሸፈን። ፊቱ ግን ይታይ።

በር ዘግቶ ከሰል ማንደድን እባካችሁ ተዉት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ አራስና ሕፃን በተኙበት ይገድላል። ደጅ ተቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ቢገባም ያው ነው፣ ፍሙ እስካለ ድረስ ይወጣል።

እትብቱ ላይ ከጤና ተቋሙ የተሰጠ ቅባት ካለ እርሱ ብቻ፣ ከሌለ ምንም አይደረግ። ቅቤም፣ አመድም፣ እበትም መግል ያመጣሉ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ተዋስያን የሚኖረውም በአፈርና በእበት ውስጥ ነው። የሽንት ጨርቁን ከእትብቱ ዝቅ አድርጎ ማሰር፣ ተቆርጦ እስኪወድቅም አለመጎተት። ዙሪያው ከቀላ፣ ከሸተተ ወይም መግል ከያዘ ወደ ጤና ጣቢያ።

ስለ አራሷ ምግብ ብዙ ማለት አያሻንም፤ ወሎዬ አራስ ማብላት ያውቅበታል። ገንፎውና አጥሚቱ ላይ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላልና ጎመን ይታከል፤ ለወትሮው ከምትበላው 2 ማዕድ ይጨመርላት። የደም ማነስ መከላከያውን ክኒን ከወሊድ በኋላም 3 ወር ትውሰድ። ዱዓ የሚደረግበት ቡና አይቅርባት፣ ክኒኑ ግን ከቡናና ከሻይ 2 ሰዓት ይራቅ፤ ብረቱ ከደሟ እንዳይገባ ያግዱታልና። እንግዳ እጁን ይታጠብ፣ ሕፃኑንም አይሳመው።

አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያበሰብስ ደም፣ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም መንቀጥቀጥ ከታየባት አምቡላንስ ይጠራ። የደም ግፊት በእርግዝናዋ ባይኖርም ከወሊድ በኋላ ሊነሳ ይችላል። ሲያንቀጠቅጣት “ልክፍት ነው” ተብሎ ሰዓቱ ያልፋል። ጸሎቱም ዱዓውም አምቡላንሱ ውስጥ ይደርሳል። በ3ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ማልቀስ የተለመደ ነው፤ ሁለት ሳምንት አልፎም ከቀጠለ፣ ወይም ልጁን ማየት ካስጠላት፣ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ሕፃኑም መጥባት ከተወ፣ ተኝቶ ሳለ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ ሌሊት ቢሆንም አይደር። ለእንጥልና ለግግ ወደ ቆራጭ መውሰድ ደም መፍሰስና መመረዝ እንጂ ፈውስ አያመጣም።

ስለ ቀኖቹ አንድ ነገር እንጨምር። በሙስሊሙ ዘንድ ለልጁ አቂቃ በሚታረድበት 7ኛው ቀን ጤና ኬላውን መጎብኘት ይቻላል፣ አይጋጭም። ክርስትና ላይ ግን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስለሚነሱ፣ ሴቷ ሕፃን እስከዚያ ከቤት አትወጣም ከተባለ የ6ኛውም የ10ኛውም ሳምንት ክትባት ያልፋታል። ለሴት ልጅ ስንል ይህን አጥብቀን እንለምናለን፤ ክትባቱ ክርስትናውን አይጠብቅ።

አራሷ ወደ ባሏ ቤት ስትመለስ የክትባት ካርዱና የልደት ማሳወቂያው ወረቀት ከአንቀልባው ጋር ይመለሱ። ልደቱ የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው፤ በ14ኛው ሳምንት ያለውን ክትባት ለሕፃኑ የሚሰጠውም የባሏ ቀበሌ ጤና ኬላ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በወሎ የምንሠራ አዋላጅ ነርሶች
ደሴ