ስም የሌለው የአይጥ መርዝ በብጣሽ ወረቀት መሸጡ ይቁም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እህልና ሸቀጣ ሸቀጥ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሱቋ ከመኖሪያ ቤቶች ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ ጓሮዋም የአምስት አባወራ የጋራ ግቢ ነው። ይህን የምጽፈው ባለፈው ክረምት በገዛ እጄ ያደረግሁት ነገር እስካሁን እንቅልፍ ስለሚነሳኝ ነው።

ከማዶ ያሉት አሮጌ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ አይጥ በረከተብን። ማታ ኮርኒሱ ላይ ሲሯሯጥ ያድራል፤ ጠዋት የፓስታው ካርቶን ተበስቶ፣ የጤፉ ማዳበሪያ ከሥሩ ተቦጭቆ ይገኛል። ሲመረኝ «የአይጥ! የትኋን! የበረሮ!» እያለ በድምፅ ማጉያ ከሚያልፍ አዟሪ ሦስት ጥቅል ገዛሁ። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ዱቄት ነው። ከቲማቲም ጋር ለውሼ ከማዳበሪያዎቹ ጀርባ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ የጎረቤቴ የአራት ዓመት ልጅ፣ እናቱ ዘይት እያስቀዳች ሳለ፣ ከጀርባ ገብቶ ጣቱን ሲልስ አገኘነው። ተሸክመነው ሐኪም ቤት ሮጥን። ሐኪሟ ገና ሲያዩን የጠየቁት «ምን ዓይነት መርዝ ነው?» ብለው ነው። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። በእርሳስ የተሠራ የአንድ ተማሪ የሂሳብ የቤት ሥራ እንጂ ሌላ የተጻፈበት ነገር አልነበረም።

ልጁ ሁለት ቀን ተኝቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኗል። የጥያቄውን ክብደት የተረዳሁት ግን ኋላ ስጠይቅ ነው። ብሮማዲዮሎን የሚባለውና መሰሎቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ መርዞች ናቸው፤ ምልክታቸው ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ማርከሻቸውም ቫይታሚን ኬ ነው። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ሌላው የአይጥ መርዝ ደግሞ ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ለእሱ ማርከሻ የለውም፤ ሐኪም የሚችለው የታማሚውን ልብና ትንፋሽ መደገፍ ነው። ጥቅሉ ላይ አንዲት ቃል ብትጻፍ ኖሮ ሐኪሟ በግምት አይሠሩም ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። አልሙኒየም ፎስፋይድ የተባለውን፣ ለተከማቸ እህል የተሠራውን የነቀዝ ክኒን፣ ለአይጥ ብለው መኝታ ቤት የሚያኖሩ ሰዎች አውቃለሁ። ክኒኑ የአየሩ እርጥበት ብቻ ሲነካው ያንኑ ፎስፊን ይለቃል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ላይነሳ ይችላል። እባካችሁ ሰው በሚያድርበት ቤት አታስገቡት። «የአይጥ መድኃኒት» ብለን መጥራታችን ራሱ ያዘናጋናል።

ከዚያ በኋላ መርዙን ትቼ አንድ እሑድ ሱቁን ባዶ አደረግሁ። ማታ ወለሉ ላይ ፉርኖ ዱቄት በስሱ ነስንሼ ዘጋሁ። ጠዋት ስከፍት ጥቃቅን ዱካዎች ግድግዳውን ታክከው፣ አንድም መሐል ሳይገቡ፣ የውኃ ቧንቧው ወደሚገባበት ጥግ ሄደዋል። ቀዳዳው የእኔን ትንሿን ጣት አያስገባም። እኔ «ይህማ ምን ታስገባለች» ብዬ ዓመታት የተውኩት ነው። ለካ የቤት አይጥ እርሳስ የሚያሾልክ ክፍተት ካገኘች ይበቃታል። ሽቦ የዕቃ ማጠቢያ ጠቅጥቄ በሲሚንቶ መረግሁት፤ ሽቦውን መቦጨቅ አትችልም። የበሩን ሥር በቆርቆሮ ከደንኩ። ማዳበሪያዎቹን ርብራብ ላይ አውጥቼ ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅኋቸው፤ ሽሮና በርበሬው ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ገባ።

ወጥመድ ቀድሞም ነበረኝ፤ አንዱን ጥግ ላይ አስቀምጬ አልያዘም ብዬ ጥዬው ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ገዝቼ በግድግዳው ሥር በሁለት በሁለት ሜትር ደረደርኳቸው፤ ማጥመጃው የጥፍር ራስ የምታክል የኦቾሎኒ ቅቤ ናት። በሦስት ሌሊት ዘጠኝ ያዝኩ። በሳምንቱ አንድም የለ። (ይህ የምለው ስለ ትንሿ አይጥ ነው። ትልቁ አይጠ መጎጥ አዲስ ነገር ይጠራጠራል፤ ለእሱ ትዕግሥት ያስፈልጋል።)

የአይጧን ኩስ በደረቁ አትጥረጉት፤ አቧራው በአፍንጫ ይገባል። በር መስኮት ከፍታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አርሱትና ጥቂት ቆይታችሁ በጨርቅ አንሱት።

ብቻዬን መሥራቴ ግን እንደማያዛልቅ አውቃለሁ። አንዲት እናት አይጥ በሦስት ሳምንት አርግዛ አምስት ስድስት ትወልዳለች፤ ልጆቿም በሁለት ወር ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። እኔ ቀዳዳ ብደፍን፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ዳቦ ቤት ፍርፋሪውን ሳይጠርግ ካደረ፣ የግቢው ቆሻሻም ሳምንት ሙሉ ሳይነሳ ከከረመ፣ ተመልሳ ትመጣለች። የወረዳችን ደንብ አስከባሪዎችና የጤና ባለሙያዎች በየሱቁ ሲዞሩ ፈቃድና ዋጋ ዝርዝር ብቻ አይዩ፤ የበራችንን ሥርና የማዳበሪያችንን ጀርባም ይዩ። የእኔን ሱቅ ያስቀድሙ፤ ደስ ይለኛል።

መርዙን በተመለከተ ሕግ አጥተን አይደለም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው! እኔ በመንገድ ላይ የገዛሁት ጥቁር ዱቄት ግን ዛሬም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ ይሸጣል። አዟሪውን ማባረር ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ እሱም የዕለት እንጀራውን ፈላጊ ነው፤ ያለ ጓንት በባዶ እጁ ሲቋጥረው አይቻለሁ። እሽጉን ከፍቶ በጅምላ የሚያከፋፍለው ይፈለግ። ጋዜጣችሁም የሚመለከታቸውን ክፍሎች ጠይቆ መልሳቸውን ቢያስነብበን ትልቅ ውለታ ነው።

ደንበኞቼ አሁንም «የአይጥ መድኃኒት አለህ?» ይሉኛል። የለም እላለሁ። ከባንኮኒው ሥር ወጥመድ አውጥቼ እንዴት እንደሚጠመድ አሳያቸዋለሁ፤ ለመግዛት አቅም የሌለውም ወስዶ ሲጨርስ ይመልስልኛል። ባለፈው ሳምንት ሁለቱን የወሰደችው የልጁ እናት ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ባለሱቅ፣ ከአዲስ አበባ