ያንን ክኒን ተዪው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ በሶና ድርቆሽ ልካልሻለች። ካርቶኑ አርብ ይደርሳል፤ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ፣ እንዳለፈው እንዳታሳድሪው።

አብራሽ የተከራየችው ልጅ ደወለችልኝ። አትቆጫት፣ ጨንቋት ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሆድሽን ይዘሽ ትነሻለሽ አለችኝ። ደረቅ ዳቦ ስትጎርሺ ሻል ይልሽና ተመልሰሽ ትተኛለሽ። ጠዋት ደግሞ ለራስ ምታትሽ በባዶ ሆድሽ ዲክሎ በቡና! ያንን ክኒን ተዪው። ነገ አይደለም፣ ዛሬ።

"ጨጓራ ነው አባዬ፣ በርበሬ ቀንሻለሁ" እንደምትይኝ አውቃለሁ። እኛ አገር ጨጓራዬን የማይል ሰው ስለሌለ ማንም አይደነግጥለትም። በርበሬ የቆሰለውን ያቃጥላል እንጂ ቁስሉን አያመጣውም። እኔም ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጨጓራ እየሳልኩ "መንስኤው ጭንቀትና ቅመም ነው" ብዬ አስተምሬያለሁ። መጽሐፉ እንደዚያ ነበር የሚለው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ግን ቁስሉን የምታመጣውን፣ ኤች ፓይሎሪ የምትባለውን ባክቴሪያ አገኙ። ማርሻል የሚያምነው ሲያጣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያዋን በጥብጦ ጠጣት፤ በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሁለቱም ኖቤል ተሰጣቸው። ዜናውን ስሰማ የድሮ ተማሪዎቼ ናቸው ትዝ ያሉኝ።

እስቲ አንዴ እንደ ተማሪዬ ስሚኝ። ጨጓራ በቀን ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ያመነጫል። ውስጡ ያለው አሲድ ያው ላብራቶሪ ውስጥ ጋዋኔን የበሳው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ገና የወጥ ሽታ ሲሸትሽ ከአንጎል የወረደ ነርቭ "ተዘጋጅ" ይለዋል፤ ምግቡ ሲገባ ጋስትሪንና ሂስታሚን የሚባሉት የሰውነት ኬሚካሎች ደግሞ ያጣድፉታል። ታዲያ ጨጓራ ራሱን ለምን አይፈጭም? ግድግዳው በወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ ስለተለሰነ ነው። ልስኑ እንዳይሳሳ የሚያደርገው ሰውነት ራሱ የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዲክሎፌናክ ሕመም የሚያስታግሰው ደግሞ ይኸው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማድረግ ነው። ራስሽን ሲያሽልሽ ልስንሽን ያሳሳዋል ማለት ነው። "ከምግብ በኋላ እውጠዋለሁ" ብለሽ እንዳትከራከሪኝ። በደም ዞሮም ይሠራል፤ መርፌውም ያው ነው። አይቡፕሮፌንም ዘመዱ ነው። ባክቴሪያዋም ካለችብሽ በሌላ በኩል እሷ ትቦረቡርልሻለች።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው በአያትሽ ላይ ያደረግኩትን ታውቂያለሽ። ግማሹን ነው የምታውቂው።

ጉልበቷን ሲያማት ዲክሎ እየገዛሁ በየወሩ የምወስድላት እኔ ነበርኩ። "ልጄ ያመጣልኝ ነው" እያለች ሳያማትም ትውጠው ነበር። ሆዴን ቆረጠኝ ስትለኝ ተልባ ጠጪ አልኳት። አንድ ቀን በስልክ፣ አፍራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ" አለችኝ። ተማሪዎች ፈተና ላይ ነበሩ፤ ቸኩዬ ነበር። "ጎመን በልተሽ ይሆናል" ብዬ ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን ጓሮ ወድቃ አገኟት። አጎቶችሽ ደም ሰጡላት፤ ተረፈች። ግን ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄዳ አታውቅም። ከአልጋዋ ሥር ግማሽ ብልቃጥ ክኒን አገኘሁ። ለጎረቤት ልታካፍል አስቀምጣው ነበር። እናትሽ ይህን የክኒኑን ነገር ከእኔ አፍ ሰምታው አታውቅም።

ያንን ክኒን ተዪው፣ የኔ ዓለም።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የምትውጪውን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪው። የኤች ፓይሎሪን ምርመራ በሰገራ ይሥሩልሽ፤ የደሙ ድሮ የነበረውንና የዳነውንም ያሳያል። የአሲድ መቀነሻውን ኦሜፕራዞል ጀምረሽ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ፤ ባክቴሪያዋን ይሸሽግና "የለብሽም" ሊሉሽ ይችላሉ። አለብሽ ካሉሽ መድኃኒቱ ብዙ ነው፣ አፍ ያመርራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ነው የሚሰጠው። በአምስተኛው ቀን ተሻለኝ ብለሽ ብታቋርጪ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ወተትም አታብዢ፤ ለጊዜው ያበርድና መልሶ አሲዱን ይጠራዋል። ራስ ምታቱን ፓራሲታሞል ይሞክሩልሽ። ሁዳዴም እየመጣ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመቆየትሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለታመመ ሰው የሚሉትን ያውቃሉ።

ሰገራሽ ከጠቆረ ወይም ያስመለሰሽ የቡና አተላ ከመሰለ ግን ጨጓራሽ እየደማ ሊሆን ይችላልና ሰኞን እንዳትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ከዚያ ደውዪልኝ። ፈተናም ቢኖር፣ ስብሰባም ቢኖር አነሳለሁ።

በሶውን እስከ ታች አውጪው። ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ ብር አለ፤ ለምርመራው ነው። እናትሽ አላየችኝም።

አባትሽ