የዶርዶኝ ጉዞን በተመለከተ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በአፕሪል የትምህርት ዕረፍት ትልልቆቹን ልጆች ይዘን በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ወደሚገኘው ዶርዶኝ እንደምንሄድ ቅዳሜ ዕለት ከነገርኳችሁ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ላስኮ ዋሻ ዝግ አይደል እንዴ? ኮፒ ለማየት ከፓሪስ 500 ኪሎ ሜትር?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እሱን ላስቀድም።

አዎ፣ የጥንት ሰዎች ግድግዳው ላይ እንስሳት የሣሉበት ዋናው ዋሻ ዝግ ነው። ያዘጋው ደግሞ የሰው ትንፋሽ ነው። በ1948 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለጎብኚ ሲከፈት ሕዝቡ ጎረፈ። በቀን ከ1,000 ሰው በላይ የሚገባበት ጊዜ ነበር። የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽና ሙቀት ግድግዳው ላይ ሥራውን ሠራ። አረንጓዴ አልጌ አበቀለ፤ ነጭ የኖራ ቅርፊትም ይታይበት ጀመር። በ1963 የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ አዘጉት። ወደ 17,000 ዓመት ገደማ በጨለማ ውስጥ ደህና የቆየ ሥዕል በ15 ዓመት ሊበላሽ ነበር ማለት ነው። ኮፒው የተሠራው ለዚህ ነው። በ2016 የተከፈተው የአሁኑ ኮፒ ዋናው ዋሻ ካለበት ኮረብታ ግርጌ፣ ሞንቲኛክ ላይ ነው። ቅርጹን በሌዘር ለክተው ሥዕሉን ሠዓሊዎች በእጃቸው ሠርተውታል። ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝመው በሬ ከራሳችሁ በላይ ሲመጣ ኮፒ መሆኑ ትዝ አይላችሁም።

ከዚህም ሌላ ላስኮን ያገኙት ልጆች ናቸው። በሴፕቴምበር 1940፣ አገሩ በጦርነት ተሸንፎ በነበረበት ወቅት፣ ማርሴል ራቪዳ የሚባል ጎረምሳ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጫካ ውስጥ ያለች ቀዳዳ በቢላዋ አስፍቶ ተንሸራቶ ገባ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ምስጢሩን የነገሩት ለቀድሞ መምህራቸው ለሌዮን ላቫል ነው። እሳቸው መጀመሪያ አላመኗቸውም ይባላል። ቀጥሎ የመጡት ቄስና ተመራማሪ አንሪ ብረይ ናቸው፤ አይተው እውነተኛ መሆኑን መሰከሩ። እኚሁ ሰው ከዚያ ቀደም ብለው በ1930ዎቹ ድሬዳዋ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ሥዕሎች ያጠኑ ናቸው። ድሬዳዋ ያደጋችሁ ካላችሁ ለልጆቹ ከጉዞው በፊት አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ስለ አካባቢው ብታጫውቷቸው ደስ ይለኛል።

ደግሞ የምናየው ኮፒ ብቻ አይደለም። ሌዜዚ የሚባል መንደር አጠገብ ፎን ደ ጎም የሚባል እውነተኛ ዋሻ አለ። ሥዕሎቹን በ1901 ለይቶ ያወቀው ዴኒ ፔይሮኒ የሚባል የዚያው መንደር አስተማሪ ነው። (መምህር ስለሆንኩ ይህን ደጋግሜ ባወራ አትፍረዱብኝ።) በቀን የሚያስገቡት ሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለን እንገባለን። አስጎብኚው መብራቱን በጎን በኩል ሲያበራ ከግድግዳው ጎሽ ይወጣል። ሠዓሊው የድንጋዩን እብጠት የጎሹ ትከሻ አድርጎታል። ትንሽ አለፍ ብሎ ሁለት የበረዶ አገር አጋዘኖች አሉ፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ የተንበረከከችውን ግንባሯን ይልሳታል። መስመሩ ደብዝዟል፤ ልጆቹ ረጋ ብለው ካላዩ ያመልጣቸዋል።

ሩፊኛክ ደግሞ በትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚገባበት ዋሻ ነው፤ ከልጆቹ በዕድሜ አነስ ያሉት የሚወዱት እሱን እንደሚሆን እገምታለሁ። በግራና በቀኝ ድቦች ለመተኛት የቆፈሯቸው ጉድጓዶች ይታያሉ። የማሞዞቹ (ፀጉራም የጥንት ዝሆኖች) ሥዕሎች ጣሪያው ላይ ናቸው። ያኔ ወለሉ ለጣሪያው ቅርብ ስለነበር ሠዓሊው የሠራው ተጋድሞ ነው፤ ሙሉ ሥዕሉን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም ነበር። በኋለኛው ዘመን የመጡ ጎብኚዎች በሻማ ጭስ ስማቸውን ጽፈውበታል። እባካችሁ ቤት ውስጥ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁልኝ፤ ግድግዳ የነካ ልጅ ቀሪውን ጉብኝት ከእኔ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚጨርሰው። ፎቶም ዋሻዎቹ ውስጥ ክልክል ነው።

አንድ አባት ስለ ዓመቱ ቁጥር ደውለውልኛል፤ እኛ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የምንቆጥረው ወደ 7,500 ነው፣ ይኼ 17,000 ከየት መጣ ብለው። ልጆቹም መጠየቃቸው አይቀርም። እኛ ተመራማሪዎቹ ምን እንደሚሉና በምን እንደለኩት እንነግራቸዋለን። የቀረውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተወያዩበት።

መንደሮቹን በሁለት ቀን እናያለን። ሳርላ ውስጥ ቢጫማ ድንጋይ ቤቶቹ መሃል እንዞራለን፤ ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ያለ ነው። ቤናክና ካስቴልኖ ግን ልጆቹን ይበልጥ ይይዟቸዋል ብዬ አስባለሁ። ወንዝ መሃላቸው አድርገው የተፋጠጡ ሁለት ግንቦች ናቸው። በመቶ ዓመቱ ጦርነት ቤናክ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሲያድር፣ ካስቴልኖ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዞች እጅ ነበር። ዛሬ ካስቴልኖ የጦር መሣሪያ ሙዚየም ሆኗል፤ ግቢው ውስጥ ድንጋይ የሚወረውሩ ትልልቅ የእንጨት መሣሪያዎች ቆመዋል። ላ ሮክ ጋዣክ ላይ ከጀልባ ሳንወርድ መንደሩን ከወንዙ እናየዋለን። ገደል ሥር የተለጠፈ መንደር ነው፤ በ1957 ቋጥኝ ተንዶበት ሰው ሞቷል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ዋሻ ውስጥ 13 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ውጭ ፀሐይ ቢሆንም ሹራብ ያዙላቸው። የቤናክ ዳገት ቀጥ ያለና ጠጠር የበዛበት ስለሆነ ሶላቸው ያላለቀ ስኒከር ይሁን። አስም ያለበት ወይም ጨለማ የሚፈራ ልጅ ካለ ቀድማችሁ ንገሩኝ። ስለ ምግብ፦ በዚያ አገር ምግብ ማለት ዳክዬ ነው። ጊዜው ደግሞ ጾም ነው። ስለዚህ ለጾመኞች ምስርና ሽሮ እኛው እናዘጋጃለን፤ ሃላል ለሚበሉም ለብቻ ይዘጋጃል። ፎርሙ ላይ ምልክት ማድረግ አትርሱ።

ክፍያው በሁለት ጊዜ ነው። የከበደው ሰው ለብቻዬ ሹክ ይበለኝ፤ በገንዘብ ምክንያት የሚቀር ልጅ አይኖርም። የፈረማችሁበትን የፈቃድ ፎርምና የካርት ቪታል (የጤና መድን ካርድ) ኮፒ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ አምጡልኝ። አብረውን የሚሄዱ ሁለት ወላጆችም እንፈልጋለን፤ አንዳቸው ሽሮ መሥራት ቢችሉ ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት