ለደንበኞቻችን፦ መዋጮውን ለምን አልከፈልንም

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ዳቦ የምትረከቡን ሆቴሎች፣ ቁርስ ቤቶችና ሱቆች ሰሞኑን የሰማችሁት ወሬ እውነት ነው። በሙያው ያለን ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን፣ በየሠፈሩ አዲስ ዳቦ ቤት እንዳይከፈት ደጅ እንድንጠና ተጠይቀናል። በምትኩ ዋጋው በመንግሥት ይተመናል፣ ደንበኛም አይጎዳም ተባለ። እኛ አላዋጣንም። ሒሳቡ የሚያርፈው እናንተ ላይ ስለሆነ ምክንያቱን እንንገራችሁ።

ጎርደን ታሎክ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር አለ። ሞኖፖሊ፣ ማለትም ገበያውን ለብቻ መያዝ፣ የሚጎዳው ዋጋ በማስወደዱ ብቻ አይደለም። መብቱን ለማግኘት የሚፈሰው ገንዘብም ኪሳራ ነው። ለጠበቃ፣ ለምልልስና ለግብዣ የወጣ ብር አንድ ዳቦ አይጋግርም። ያልተሳካለትም ብሩን አውጥቷል። የተሳካለት ደግሞ ያወጣውን ከማን ይመልሳል? ከእናንተ።

ተመኑስ አያድንም ወይ? ዋጋ ቢታሰር ግራም አይታሰርም። አማራጭ ከሌላችሁ ዳቦው ቀስ እያለ ያንሳል፣ የዱቄቱም ጥራት ይወርዳል። ተቆጣጣሪው የዱቄት፣ የእርሾና የመብራት ወጪያችንን የሚጠይቀውም እኛኑ ነው። ወጪያችንን ብናጋንን ማን ያውቅብናል? ጆርጅ ስቲግለር የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ምሁር በ1971 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ብዙ ጊዜ ደንብ የሚወጣው ነጋዴው ራሱ ፈልጎት ነው። ዳቦ በላተኛ የሚያጣው ሳንቲም ስለሆነ ሥራውን ትቶ ቢሮ አይሄድም። ለእኛ ግን ተሰብስቦ ትልቅ ብር ነው፤ ስለዚህ እንመላለሳለን።

ተመን የትም አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። በአንድ ከተማ ሁለት የመብራት መስመር ጎን ለጎን መዘርጋት ብክነት ነው፣ እዚያ ታሪፉን የሚቆጣጠር አካል ግድ ነው። ተመን ማለት ርካሽ ማለት እንዳልሆነ ግን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ የሚከለሰውን የመብራት ታሪፍ ያየ ያውቃል። ዳቦን ግን ማቡኪያና ምድጃ ያለው ሁሉ ይሠራዋል።

አንዋሽም፣ ፊት ለፊታችን አዲስ ዳቦ ቤት ሲከፈት ደስ አይለንም። ማንን ደስ ይለዋል? ቢሆንም ጠዋት ቶሎ እንድንነሳ ያደርገናል።

ዋጋችን እንዳለ ነው። ከዚህ በኋላ የአንዱ ዳቦ ግራም ደረሰኙ ላይ ይጻፋል፤ ሚዛኑም ባንኮኒው ላይ ነው። ጎድሎ ካገኛችሁት መልሱልን፣ እንተካለን። ዱቄት ተወዶ የዳቦውን ዋጋ መቀየር ግድ ከሆነብን ከሳምንት በፊት እናሳውቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
ዳቦ ቤታችሁ፣ ደሴ