የአረጋውያን ተንከባካቢዎች የቲቢ ምርመራ

ይህን የምጽፈው በአረጋውያን መጦሪያ ማዕከላት ሠራተኞች ላይ ስለሚደረገው የቲቢ ምርመራ ነው። ቲቢ በአየር ይተላለፋል፤ በዕድሜ የደከመ ሰውነት ደግሞ የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው። የአረጋውያን ሳል፣ ድካምና መክሳት «የእርጅና ነው» ተብሎ ሲታለፍ በሽታው ሳይታወቅ መሰንበቱ እጅግ ያሳስበኛል።

የማያስል ሠራተኛ ሁሉ ነፃ ነው ማለትም አይቻልም፤ ተህዋሲው ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ካሉ 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ይታመማሉ። አይሶኒያዚድና ሪፋፔንቲን የተባሉትን መድኃኒቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ወራት መውሰድ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል።

ስለዚህ ማዕከላቱ ምግብ አብሳዩንና የጽዳት ሠራተኛውን ጨምሮ ማንኛውንም ተቀጣሪ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያስመርምሩ። ከ2 ሳምንት በላይ ያሳለው ሠራተኛም የምርመራ ውጤቱ እስኪታወቅ ደመወዙ ሳይቆረጥ ከሥራ ይረፍ።