የእድሮቻችን መኪና የፊት አክስል እንዲቀየር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለጃናሞራና ለበየዳ ተወላጆች፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፣ እንዲሁም በእስራኤል፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለምትገኙ የስሜን ልጆች በሙሉ፤

የአምስት እድሮች የጋራ ንብረት የሆነው ላንድ ክሩዘር የፊት አክስሉ፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት፣ ተዳክሟል። እኛ የመኪናው ኮሚቴ አባላት፣ ከሹፌሩና መኪናውን ለብዙ ዓመታት ሲጠግኑ ከኖሩት መካኒክ ጋር ተመካክረን፣ አሮጌውን አክስል በየክረምቱ ከመጠጋገን ይልቅ ጠንካራ በሆነ ሌላ አክስል አንድ ጊዜ መቀየር እንደሚሻል ወስነናል። ሥራውን በራሳችን መዋጮ ጀምረነዋል፤ የጎደለውን እንድትሞሉልን ግን እናንተን መጠየቅ ግድ ሆኖብናል።

መኪናው ምን እንደሚሠራ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ረጅሙና ባለ ናፍጣ ሞተሩ ባለ 40 ላንድ ክሩዘር ነው። ቶዮታ ይህን ዐይነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1984 ያመረተው ስለሆነ ዛሬም በተራራማ መንገዶቻችን ላይ የሚሠሩት ሁሉ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው። የእኛው መኪና በሽተኛንና ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ያደርሳል፤ ነገሩ ሲከብድ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጨምሮ እስከ ጎንደር ይዘልቃል። ከቤቱ ርቆ ያረፈን ሰው ወገኖቹ ወዳሉበት ይመልሳል። የእድሩን ድንኳንና ድስት ይጭናል፤ በክረምት መንገድ ሲዘጋም ዱቄትና መድኃኒት ያመጣል። በቧሂት ተራራ ግድም ያለው መተላለፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ሹፌሩም ከባድ ማርሽ አስገብቶ በአራቱም ጎማ መውጣት ይኖርበታል። የፊት አክስሉ የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር የሆነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንንገራችሁ። ምጥ ሁለተኛ ቀኑን የያዘባት እናት ተሳፍራ፣ ዝናቡ ዳገቱን አረንቋ ባደረገበት ሰዓት፣ ሹፌሩ በጠባብ ጥምዝ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ሊወጣ ሲሞክር ከቀኙ የፊት ጎማ በኩል እንደ ጥይት የሚጮኽ ድምፅ ተሰማ። የተሰበረው ብረት ስብርባሪ በመካከል ገብቶ መሪው ወደ ቦታው እንዳይመለስ ያዘው፤ መኪናውም ከገደሉ ጠርዝ ጥቂት ክንድ ሲቀረው ቆመ። የመንደሩ ጎልማሶች እናቲቱን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ፣ ከአምስት ሰዓት ጉዞ በኋላ ሌላ መኪና ካለበት ቦታ አደረሷት። እግዚአብሔር ይመስገን እናትም ልጅም ተርፈዋል። መኪናው ግን እስከ መስቀል ድረስ በዚያው ቦታ ሸራ ለብሶ ቆይቷል፤ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ በሰው ጀርባ የተጓጓዙትን በሽተኞች እያንዳንዱ እድር በስም ያውቃቸዋል።

የተሰበረው ምን እንደሆነ ማወቅ ለምን ይህን ያህል ገንዘብ እንደምንጠይቅ ለመረዳት ይጠቅማል። የፊት አክስል ከኋላው የሚለየው ኃይልን ወደ ጎማው እያስተላለፈ ጎማው ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲዞር መፍቀድ ስላለበት ነው። ይህን የሚያደርገው በአክስሉ ጫፍ፣ ክብ በሆነው የብረት ቤት ውስጥ የተቀመጠው ባለ 6 የብረት ኳስ መገጣጠሚያ ነው። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ሸክሙ ለስድስቱም ኳሶች ይከፋፈላል፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ግን ሸክሙ እኩል መከፋፈሉ ይቀርና በጥቂቶቹ ላይ ይበረታል። በከባድ ማርሽ የሞተሩ ጉልበት በእጥፍ ገደማ ተባዝቶ፣ አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር ቆይቶ በድንገት ድንጋይ ሲይዝ፣ ያ ሁሉ ኃይል በአንድ ቅጽበት በዚህች መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። በእኛ መኪና ላይ ያለው መገጣጠሚያ ከቀደምቶቹ ወገን ስለሆነ ከዘንጉ ጋር የሚነካከስባቸው ጥርሶች ወፋፍራምና ጥቂት ናቸው፤ ኋላ የመጣው ቀጫጭንና ብዙ ጥርሶች ያሉት ሆኖ የተሠራው ይህንኑ ድክመት ለማስወገድ ነው። በዚህ ላይ ዘይት የሚያግዱት ጎሚኒዎች በማርጀታቸው የዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የጥርሶች ስብስብ) ዘይት ወደ መገጣጠሚያው ቤት እየገባ ግራሶውን ያጥበዋል፣ ብረትም ከብረት ጋር ይፋተጋል።

ሌላው ችግር ፍሬኑ ነው፤ እኛ እንዲያውም ከመጀመሪያው ይልቅ የምንፈራው ይህንን ነው። የመኪናችን የፊት ፍሬን ባለ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ከበሮ) ነው። በረጅም ቁልቁለት ታምቡሩ ሲግል እየሰፋ ከፍሬን ሸራው ይርቃል፣ ሹፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጥም መኪናው እንደሚገባው አይቆምም። ወንዝ ተሻግሮ ሲወጣ ደግሞ ውኃው ታምቡሩ ውስጥ ስለሚቀር ለጥቂት ጊዜ ፍሬን የሌለው ያህል ይሆናል። በሽተኛና አስታማሚ የሞላበት መኪና በዚህ ሁኔታ ቁልቁለት እንዲወርድ መፍቀድ ከእንግዲህ ሕሊናችን አይቀበለውም።

መካኒካችን ያቀረቡት መፍትሔ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980 ጀምሮ የተመረተው የባለ 60 ላንድ ክሩዘር ሙሉ የፊት አክስል ነው። ይህም እንደ እኛው በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ላይ የሚቀመጥ ወጥ አክስል ነው፤ ጠንካራው መገጣጠሚያና የዲስክ ፍሬን አብረውት ይመጣሉ። የጎማው ቡሎኖች እንደ እኛው 6 ሆነው ርቀታቸውም አንድ ስለሆነ ጎማዎቻችንን መለወጥ አያስፈልግም፤ ሆኖም ቸርኬው ካሊፐሩን (የዲስኩን ሸራ የሚጨምቀውን ክፍል) እንዳይነካ ቀድሞ ተለክቶ ይታያል።

ሥራው ግን አውልቆ መግጠም ብቻ አይደለም። አዲሱ አክስል ከአሮጌው በጥቂቱ ስለሚሰፋ የባሌስትራው መቀመጫዎች ተቆርጠው በእኛ ሻንሲ ልክ እንደገና መበየድ አለባቸው። መቀመጫው ሲበየድ በጥቂት ዲግሪ ቢሳሳት መሪው ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል ወይም ከጥምዝ በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም፤ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ዘንበል ካለም ክሮቼራው (የኃይል ማስተላለፊያ ዘንጉ መታጠፊያ) በአጭር ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ብየዳው የሚሠራው አክስሉ በመኪናው ክብደት ሥር ተቀምጦ፣ ማዕዘኑ ከተለካ በኋላ፣ ልምድ ባለው በያጅ ብቻ ነው። የመሪው ክንዶችና ዘንጎችም በልካቸው መገጣጠም አለባቸው። የፍሬን ፖምፓውም ለዲስክ በሚስማማ ይቀየራል፤ ምክንያቱም ለታምቡር የተሠራው ፖምፓ በመሥመሩ ውስጥ የሚያስቀረው ግፊት የፍሬን ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ይዞት እንዲቆይ ያደርጋል።

ከሁሉ በላይ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል ጥርስ መመሳሰል አለበት። የኋላችን ኮሮና (ትልቁ ባለ ጥርስ ክብ) 37፣ ፒኞኑ (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ) 9 ጥርስ ነው። በባለ 60ዎቹ ላይ ፒኞኑ 10 የሆነም ይገኛል፤ ያ ሳይታይ ቢገጠም በአራቱ ጎማ በተነዳ ቁጥር የፊቱና የኋላው እየተጓተቱ የማርሽ ሳጥኑን ይሰብሩታል። ሻጩ የነገረንን አምነን አንገዛም፤ ዲፈረንሻሉ ተከፍቶ ጥርሱ ይቆጠራል።

ለምን አዲስ መኪና አትገዙም ያሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የመኪናው ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ሻንሲና የኋላ አክስል ደኅና መሆናቸውን አስመርምረን አረጋግጠናል፣ የአዲስ መኪና ዋጋም ከአምስቱ እድሮች አቅም በእጅጉ የራቀ ነው። የተሰበረውን መገጣጠሚያ ብቻ ቀይሩ የሚሉም ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ ቀይረነዋል፣ ሁለቱም አንድ ክረምት አልዘለቁም። ትልልቅ ጎማ እንዲገጠምና መኪናው ከፍ እንዲል የተሰጠውን ሐሳብ ግን አልተቀበልንም። ትልቅ ጎማ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውን ሸክም ይጨምራል፣ ከፍ ያለ መኪናም በጠባብ የገደል መንገድ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል፤ ቃሬዛ ለማስገባትም ያስቸግራል።

ወጪውን በተመለከተ፣ ያገለገለ ሙሉ የፊት አክስል 220,000 ብር፣ አዳዲስ ኩሽኔታዎች፣ ጎሚኒዎች፣ ዲስኮች፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ፖምፓ 96,000 ብር፣ ብየዳ፣ ቶርኖና የመካኒክ ሥራ 58,000 ብር፣ ማጓጓዣ 26,000 ብር፣ ሲከፈት ለሚገኝ ያልታሰበ ጉድለት 40,000 ብር ይዘናል፤ ድምሩ 440,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ አባሎቻችን በነፍስ ወከፍ አዋጥተው 152,000 ብር አስገብተዋል። በሬውን የሸጠ፣ ማሩን ያመጣ፣ ለክርስትና ያስቀመጠውን የሰጠ አለ። የሚቀረው 288,000 ብር ነው።

በገንዘብ ፈንታ በዕቃ መርዳት የምትችሉም አላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን የምታውቁ ከሆነ አክስሉን በማፈላለግና አብራችሁን በመመርመር ትልቅ ውለታ ትውላላችሁ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ በሻርጃ ያገለገሉ መለዋወጫዎች ገበያ የባለ 60 ዕቃ ብታገኙ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የኮሮናውንና የፒኞኑን ጥርስ ፎቶ፣ የአክስሉን ቤትም ከሁለቱም ጫፍ የተነሣ ፎቶ ላኩልን፤ የተጣመመ ወይም ቀድሞ የተበየደ ቤት አንቀበልም። መጫኛውንና ቀረጡን ደምረን በአገር ውስጥ ከሚገኘው በላይ የሚያስወጣ ከሆነም በግልጽ እንነግራችኋለን። አዳዲስ ኩሽኔታዎችና ጎሚኒዎች በሻንጣ ሊመጡ ስለሚችሉ ሥራው ሳይጀመር ወደ አገር የምትገቡ ወገኖች ሳትነሡ ዝርዝሩን ጠይቁን።

ገንዘቡ የሚገባው በአምስቱ እድሮች ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ሲሆን ያለ ሦስት ሰዎች ፊርማ አይወጣም። የሒሳቡን ቁጥር ከየእድሩ ሊቀ መንበር በአካል ወይም በምታውቁት ዘመድ በኩል ተቀበሉ፤ በማንም ግለሰብ ስም የሚጠየቅ መዋጮ የእኛ አይደለም። እያንዳንዱ ግዢ በደረሰኝ ይያዛል፣ ከአክስሉ መግዣ የሚተርፍ ካለም ለኋላ ፍሬኖች ይውላል። መኪናው ሥራው ካለቀ በኋላ ለቴክኒክ ምርመራ ቀርቦ ቦሎውን ሳይወስድ ሰው አይጭንም። የወለቀው አክስልም አይሸጥም፤ ዲፈረንሻሉ ደኅና ስለሆነ በመጋዘን ለመለዋወጫ ይቀመጣል።

መካኒኩ ለሥራው ሦስት ሳምንት ይበቃኛል ብለዋል። አክስሉ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ጎንደር ከገባ፣ ግንቦትን ያለ በሽተኛ፣ በአሸዋ ጭነት ዳገትና ቁልቁለት እየወጣን እየወረድን እንፈትነዋለን፤ ሰኔ ሲገባም ወደ አገልግሎቱ ይመለሳል። የምትረዱን ከሆነ ከዐቢይ ጾም ፍጻሜ በፊት እንድታሳውቁን በአክብሮት እንለምናለን።

የአምስቱ እድሮች የመኪና ኮሚቴ